የማንገዛቸው ቤቶች

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ግንቡን የማየው ግን እንግዳ ሲመጣብኝ ብቻ ነው። እንግዳው ፎቶ ይነሳል፣ እኔ ጥላ ፈልጌ እቆማለሁ። ወጥተን ስንሄድ ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ “እናንተ የከተማው ሰዎች ግን እሑድ ምን ታደርጋላችሁ?” እውነቱን ለአንዳቸውም ተናግሬ አላውቅም። እኔና ባለቤቴ እሑድ እሑድ የማንገዛውን ቤት እያየን ነበር የምንውለው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ እሠራለሁ፤ እሷ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። የምንኖረው በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ሲሆን ሽንት ቤቱን ከሦስት አባወራ ጋር እንጋራለን። አንድ እሑድ አዘዞ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ አዲስ ቤት በር ላይ የቆመ ደላላ የእኔን ኮትና የእሷን ነጠላ አየና “ቤቱን ለማየት ነው?” አለን። እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ “አዎ” አለች። ሦስት መታጠቢያ ቤት ነበረው። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ከነጫማዋ ገንዳው ውስጥ ገብታ ተቀመጠችና “እግር ያስዘረጋል” አለች። እንዲህ ስትዝናና ከሠርጋችን ወዲህ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ለመድነው። ግድግዳ መምታት፣ ቧንቧ ከፍቶ ማዳመጥ፣ ጣሪያ አንጋጦ ማየትና ጥርስን ነክሶ ዝም ማለት ቻልንበት። እኔ በተለይ “ካርታ አለው?” ማለት ተማርኩ። ይህን የጠየቀ ሰው ኪሱ ቀዳዳ ቢሆንም ገዥ ነው። ደላላው በአራተኛው እሑድ ነቃብን። ቆጣ ይላል ብዬ ስጠብቅ “ግድ የለም፣ ኑ” አለን፤ “ቤት ሰው ካልገባበት ባለቤቱ ይከፋዋል፣ እኔንም ይለውጠኛል።”

የኔታ ቤት የወሰደንም እሱ ነው። የኔታ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው አዛውንት ናቸው። ቤታቸው ከአዘዞው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም፤ ግቢው ኮክና ጌሾ ሞልቶበታል። ልጆቻቸው ባሕር ዳር ስለሚኖሩ “ሽጡትና ከእኛ ጋር ኑሩ” ብለዋቸዋል፣ እሳቸውም “ሸጋ” ብለዋል። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው።

“ምነው ቆማችሁ? ግቡ እንጂ” አሉን። ቤቱን ለማሳየት ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እያንዳንዱን ምሰሶ ከየት እንዳመጡት ነገሩን። የኮክ ዛፎቹን ስናይ ደግሞ የትኛው ጣፋጭ፣ የትኛው ከንቱ እንደሆነ አስቀመሱን። በመጨረሻ ባለቤቴ ለወጉ ያህል ዋጋ ጠየቀች። የነገሩን ዋጋ ግንቡን ከነአጥሩ የሚገዛ ነበር። እኔም ለወጉ “ትንሽ አይቀንሱልንም?” ስል ፊታቸው ጠቆረ፤ ጥቂት አሰቡና ጨመሩበት። መንገድ ላይ ባለቤቴ “እኚህ ሰው እንደ እኛው ናቸው” አለች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድን። እኛ እንዲቀንሱልን እንለምናለን፣ እሳቸው ይጨምራሉ፣ ጠላ ይቀዳል። አንድ ቅዳሜ ደወሉልኝ።

“ነገ የምር ገዥ ይመጣል አሉኝ። ቀድማችሁ ኑልኝ።”

“መጥተን ምን እናድርግ የኔታ?”

“ገዥ ምሰሉ። ከዚያ የቤቱን ጉድ እያነሳችሁ አጣጥሉት። እኔ ካህን ነኝ፣ መዋሸት አልችልም። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ፤ አይከብዳችሁም።”

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ተቀምጠን ኮክ ስንበላ ደላላው በሩን ከፍቶ ገዥውን አስገባ። ባለቤቴ ኮኩን ከነፍሬው ልትውጠው ምንም አልቀራት። ገዥው የእሷ አለቃ፣ የማዋለጃ ክፍሉ ዶክተር ነበር። በዚያው ሳምንት አከራያችን ውሃ ዘጋችብን ብላ ፈቃድ የጠየቀችው እሱን ነው።

“ሲስተር” አላት፣ “ምነው እዚህ?”

“ቤቱን ልንገዛው እያሰብን ነው” አለች።

ዶክተሩ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ጫማዬን አየ። እኔ ግን ቃል ገብቻለሁና ጀመርኩ። አየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ሲያርፍ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ይወድቃል አልኩ። ምሥጥ አለው አልኩ። ጅብ አጥር ዘሎ ይገባል አልኩ።

“እውነት ነው አባቴ?” አላቸው ዶክተሩ። “ጅብ አለ?”

“ጅብማ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ የት የለም?” አሉ የኔታ።

“ምሥጡስ?”

“እኔ አላየሁም። ዓይኔ ግን ደክሟል።”

ደላላው በንዴት ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ዶክተሩ አመስግኖ፣ አስብበታለሁ ብሎ ወጣ።

ያን ቀን ባለቤቴ እራት አልበላችም። ሰኞ ዶክተሩ ቢሮው አስጠራት። ልትባረር እንደሆነ አስባ ከመግባቷ በፊት ስልክ ደውላ ተሰናበተችኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች። እሱ ግን በሩን ዘጋና “ሽማግሌው መሸጥ አይፈልጉም አይደል?” አላት። ሁሉንም ነገረችው። እሱም የራሱን ነገራት። ሚስቱ ግቢ ያለው ቤት ካልገዛን እያለች ስታስጨንቀው ዓመት ሆኗታል፤ እሱ ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙ ንቅንቅ ማለት አይፈልግም። “እሑድ ስትሄዱ ጥሩኝ” አላት። “ሚስቴ እየፈለግሁ መሆኔን ትይልኝ።”

እንዲህ ሆነን ሦስት ሐሰተኛ ገዥዎች ከአንድ ሐሰተኛ ሻጭ ጋር ክረምቱን አሳለፍን። ዶክተሩ የኔታን ደም ግፊት ይለካል፤ የኔታ ደግሞ ዜማ ሊያስተምሩት ሞክረው “ድምፅህ ለቀዶ ሕክምና ነው የተፈጠረ” አሉት። ሰው በእኔ ላይ ይህን ያህል ስቆ አያውቅም፣ እኔም በሰው ላይ ይህን ያህል ስቄ አላውቅም።

ለመስቀል ትልቁ ልጃቸው ከባሕር ዳር መጣ። ሲገባ ሦስታችንም በዋጋ ስንከራከር ደረሰብን። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ መንገድ ያደከመው ሰው ነው። ዶክተሩን ሲያይ ደስ አለው።

“አባባ፣ ይኸው ገዥ አለ። ለምን አይሸጡላቸውም?”

“እነዚህ አይገዙም” አሉ የኔታ።

“እንዴት አይገዙም? እየተከራከሩ አይደል?”

የኔታ ጠላቸውን አስቀመጡ። እኔ ወደ ኮክ ዛፉ፣ ባለቤቴ ወደ ጫማዋ አየን። ልጁ ቀረብ ብሎ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አባባ፣ ቤቱን መሸጥ ይፈልጋሉ?” አላቸው።

“አልፈልግም።”

“ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩንም?”

“ሽጡ አላችሁኝ እንጂ ይፈልጋሉ ወይ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም።”

ልጁ ይናደዳል ብዬ ነበር። ዓይኑ ግን ውሃ ሞላና ተነሥቶ የአባቱን ጉልበት ሳመ። እኛ መሄድ ነበረብን፤ ግን መውጫው በእነሱ በኩል ስለነበር እንደ ሞኝ ቆመን ጠበቅን። የሰው ቤት ስናይ ከርመን የሰው ቤት ውስጥ መሆናችን የተሰማኝ ያኔ ነው።

በማግሥቱ ልጁ ራሱ ለደላላው ደውሎ ቤቱ እንደማይሸጥ ነገረው። እኛ አሁንም የኔታ ጋ እንሄዳለን፤ ግን የመጣንበትን ምክንያት ስላጣን መጀመሪያ አካባቢ ሁላችንም ተፋፈርን። የኔታ ይህን አይተው አጥር አሠሩን።

የተጎዳው ዶክተሩ ነው። ሚስቱ “የአዘዞው ቤት ምን ሆነ?” ስትለው ሌላ መፈለግ ግድ ሆነበት። ደላላው ቂሙን ሊወጣ ይሁን ሊክሰው አይታወቅም፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ አንድ ቤት አሳየው። ዶክተሩ በረንዳው ላይ አንዴ ተቀመጠ፣ ተነሥቶ ዞረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በወሩ ገዛው። ሶፋውን ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ተሸክሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ወገቤ እስካሁን ያመኛል።