አይጥ ያልበላው ስንኝ

መምህር ጊልበርት ሬኒና እህቱ ዩፋን ኤድንብራ ውስጥ፣ እኔ ፊደል ለቃሚ ሆኜ፣ የእርሳስ ፊደላትን ለኅትመት እየደረደርኩ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ማዶ ይኖሩ ነበር። ሁለቱም አላገቡም። እሱ ማስተማሩን ከተወ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ወደቀ፤ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ግድም በኛው በስኮቶች ቋንቋ የተገጠሙ ግጥሞችን ከአንድ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ገልብጦ ማሳተም። የጥንት መጻሕፍት ወዳጆች የሆኑ ጌቶች ወጪውን ሊችሉለት ተስማሙ።

ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ፈዘዘ። መጀመሪያ ሻማውን ወቀሰ፣ ቀጥሎ ቀለሙን። አንድ ጠዋት ግን ማንኪያው የገንፎውን ሳህን ስቶ ጠረጴዛውን ሲጭር ዩፋን አየች። በማግስቱ ካባዋን ደርባ አብራው የእጅ ጽሑፉ ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ጠባቂው እዚህ ሴት ገብታ አታውቅም ብሎ ሲያንገራግር፣ «እኔ የመጣሁት መነጽሩ ሆኜ ነው» አለችውና አልፋው ገባች።

ያንን የተጠላለፈ ፊደል መለየት ክረምቱን ሙሉ አታገላት። እሷ ታነባለች፣ እሱ ያርማል፣ እሷው ትጽፋለች። ቃላቱ ግን አልከበዷትም፤ ብዙዎቹ እናታቸው ስትቆጣ የምትናገራቸው ነበሩ።

አንድ ቀን አንዲት ሚስት ሽማግሌ ባሏን የምታማበት ግጥም ላይ ደረሱ። ዙሪያውን ወንዶች ተቀምጠዋል። ዩፋን ፊቷ ቀላና ዘላ አለፈች።

«ነገሩ አልተያያዘም» አለ ጊልበርት። «መሃል ላይ የጎደለ አለ።»

«አይጥ በልቶታል።»

አመናት።

ለሙከራ የታተሙትን ገጾች ለእርማት ይዤላቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ጮክ ብላ ስታነብለት ቆይታ የገጹ ግርጌ ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። እዚህ ቦታ ጽሑፉን አይጥ ስለበላው ሁለት ስንኞች ጠፍተዋል የሚል ማስታወሻ ነበር፤ ከሥሩ የወንድሟ ስም።

«ጊልበርት፣ አይጥ የለም» አለች። «የበላሁት እኔ ነኝ።»

እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሌላም ቦታ ዘላ እንደሆነ ጠየቃት። በእናታቸው ማለች፤ ሌላ የለም።

«ታስታውሺዋለሽ?»

«ልረሳው ብዬም አልቻልኩ።»

«እስቲ በይው።»

ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩላት። ቃሉ የጥንት ስለሆነ በኛ አባባል እንዲህ ነው፦

«ጢሙ እንደ ጃርት እሾህ ጉንጬን እየወጋ፣
ጉልበቱ ደጅ ቀርቶ ምኞቱ ወጣ አልጋ።»

ጊልበርት እስኪያስለው ሳቀ። «ይቺ ሴትዮ ይኼን ሁሉ ዘመን ስታማ ኖራ አንቺ ዝም ልታሰኚያት ነበር?» አላት። ሲረጋጋ ግን ሙሉውን የእጅ ጽሑፍ እንደገና እንድታነብለት ለመናት። ቅር ሳትል አብራው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰች። እኔም ማስታወሻውን ነቅዬ ስንኞቹን ለቀምኩ።

ወጪውን ከሚችሉት ጌቶች አንዱ ቄስ ነበሩ። ይኼን ሲሰሙ እነ ጊልበርት ቤት ድረስ መጥተው በስንኞቹ ፋንታ የኮከብ ምልክት እንዲደረደር ጠየቁ። መልስ የሰጠቻቸው ዩፋን ናት።

«አባ፣ እኔ ደብቄው እንቅልፍ አጥቻለሁ። እርስዎ መደበቅ ከፈለጉ፣ ማስታወሻው ላይ የርስዎ ስም ይግባ።»

ቄሱ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ መጽሐፉም ሳይጎድል ታተመ። ያን ጊዜ ጊልበርት ጨርሶ አያይም ነበር። የመጽሐፉን የቆዳ ሽፋን ዳሰሰ፣ ገልጦ አሸተተው፣ ጭኑ ላይ አድርጎት ዋለ።

ከመታተሙ በፊት የእህቱ ስም እንዲገባ ፈልጎ እሷ እምቢ ብላ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ምን ይሉኛል ብላ። እሱ ግን ገበያ በሄደችበት ቀን ማተሚያ ቤት ድረስ በዳበሳ መጥቶ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበችው ዩፋን ሬኒ ናት የሚል መግቢያ በቃሉ እየነገረኝ አስለቀመኝ። ስታየው ሁለታችንንም አኮረፈችን። መጽሐፉን ለጎረቤት ስታውስ ግን መግቢያውን ገልጣ ነው የምትሰጠው።