የእትዬ ስመኝ ኪኒን

ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቴን እትዬ ስመኝን ይዤ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከወጣትነቷ ጀምሮ የታይሮይድ፣ የእንቅርት ኪኒን ስትውጥ ኖራ ብርዱና ድካሙ አልለቀቃትም። ወጣቱ ሐኪም አዲስ አበባ ተልኮ የመጣውን የደም ውጤት ደጋግሞ አየና፣ "እማማ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንደሚወስዱ ያስታውቃል" አላት። ለእኔም አስረዳኝ። ኪኒኑ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደሚሠራው ሆርሞን መለወጥ አለበት፤ ሰው ሌላ ሕመም ሲጸናበት ወይም ምግብ ሲያንሰው ግን ሰውነት የተገለበጠውን ሆርሞን፣ ሙቀትም ጉልበትም የማይሰጠውን ያበዛል። ሪቨርስ ቲ ስሪ ይሉታል። በትርጉሙ ሐኪሞች ገና እንደሚከራከሩም አልደበቀኝም። "ብቻ" አለ፣ "በትክክል እየዋጡ አለመዳን አለ።"

ሕመሙ ሲጀምራት እኔ ቡሬ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሷ ማንኩሳ ገጠር አግብታ ነበር። አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣ፣ ፊቷ አበጠ፣ በሚያዝያ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሊጥ እያቦካች እንቅልፍ ይወስዳታል። ቡሬ ታክማ የታዘዘላትን ኪኒን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። በክረምት ያ ቀይ ጭቃ ጫማዬን እየነጠቀኝ እደርሳለሁ፤ እሷ በዚያ ድካሟ የተልባ ፍትፍት ታቀርብልኛለች። ወራት አለፉ፣ ለውጥ የለም።

የባሏ ዘመዶች ሰነፍ ናት አሉ። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት በማለዳ ኪኒን አትውጥም፣ ትጥለዋለች ተባለ። የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ነበር፤ ማን ሰምቶ! እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ተጠራጠርኩ። እሷ ዘንድ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት አፏን አስከፍቼ፣ ምላሷን አስነስቼ አያለሁ። ታላቅ እህቴን! ሁልጊዜም ውጣው አገኛታለሁ፤ እኔ ስሄድ ትተወዋለች እላለሁ በሆዴ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። በሽታ ከሆነ ባሏ ሊያስታምማት፣ እምቢተኝነት ከሆነ ሊፈታት ነው። እሷ በማርያም ማለች። የተማርኩት እኔ ነኝና አንዱ አዛውንት ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ትውጠዋለች?"

"ብትውጠውማ ይሻላት ነበር" አልኩ።

እትዬ አንዴ አየችኝና ነጠላዋን አስተካከለች። በሳምንቱ ተፈታች። የአራት ዓመት ልጇ አባቱ ዘንድ ቀረ፤ አድጎም እናቴ ብሎ አልጠየቃት። ይኸው ስንት ዘመን እኔ ቤት ትኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። ምነው በወቀሰችኝ።

ከሐኪም በተመለስን በማግስቱ ጠዋት ውሃ ሰጠኋት። ዋጠችና እንደ ሁልጊዜው፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አፏን ከፍታ ምላሷን አነሣች።

"እትዬ፣ ተይው። አምንሻለሁ" አልኳት።

"ግዴለሽም፣ እይው" አለችኝ።