የአማቴን እግር ስጠይቅ

መጀመሪያ የተሰማኝ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ላይ ነው። አየር ጤና በምሠራበት ፀጉር ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ሠርግ ላለባት አንዲት ደንበኛ ሹሩባ እየሠራሁ ነበር። ድንገት ውርር አለኝ። ጫማዬ ውስጥ ጉንዳን የገባ መስሎኝ አውልቄ አራገፍኩት። ምንም አልነበረም። «ምነው?» አለችኝ ደንበኛዬ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ። «ቆሜ ስለዋልኩ ነው» ብያት ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ እጄ ላይ መጣ። ከዚያ ደግሞ ግራ ጉንጬ ላይ፣ የጥርስ ሐኪም የሚወጋው ማደንዘዣ ሊለቅ ሲል እንደሚያደርገው ዓይነት። ብዙም ሳይቆይ ሰውነቴ ላይ የማልጠረጥረው ቦታ ጠፋ። ካስክ ሥር ያስቀመጥኳት ደንበኛ ፀጉሯ እስኪደርቅ ጥግ ይዤ እቀመጥና ስልኬ ላይ «እግር የሚወርረው ለምንድን ነው» ብዬ እጽፋለሁ። የሚመጣልኝ መልስ ሁሉ የሚያስፈራ ነው። የነርቭ በሽታ፣ የአንጎል በሽታ፣ ጀርባ አጥንት ውስጥ ያለ ዕጢ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው የበሽታ ምልክት ሲዘረዝር ትንፋሼን ይዤ አዳምጠዋለሁ። ከዘረዘራቸው ውስጥ እኔ ላይ የሌለ ምልክት ካለ፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም ይሰማኛል።

ተመረመርኩ። መጀመሪያ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ፣ ቀጥሎ ባሌ ሰው አማክሮ የወሰደኝ ሌላ ቦታ። ደሜ ደህና ነው፤ ስኳር የለብኝም፤ ቫይታሚኔም አልጎደለም። ሐኪሙ ውጤቱን እያየ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። እስከ ቤቴ በር ድረስ ደስ አለኝ። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ እንደገና ውርር አለ። ያ ሐኪም ምን ያህል ቸኩሎ እንደነበር ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ባሌ ታጋሽ ሰው ነው። ዓለም ባንክ አካባቢ በሚሠሩት ቤቶች የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይገጥማል፤ ሲገባ ትከሻው ዝሎ ነው የሚገባው። እንደዚያም ሆኖ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ሳይለኝ አይቀመጥም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሦስተኛ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው፣ «ምንም የለብሽም ሲሉሽ ለምን እንደምታዝኚ አይገባኝም» አለኝ። እኔም አልገባኝም ነበር።

አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እንዲያውም እኛ ነን ከእሳቸው ጋር የምንኖረው፤ ቤቱ ሟቹ ባላቸው ቀራንዮ የሠሩት አሮጌ ቤት ነው። ባሌ ገና ተማሪ እያለ ጀምሮ ስኳር አለባቸው። ጠዋት ጠዋት መርፌያቸውን ራሳቸው ይወጋሉ፤ ስለ በሽታቸው ግን ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ከበረንዳው ወደ ግቢ ሲወርዱ ተደናቀፉ። ሮጬ ስይዛቸው፣ «መሬቱ እኮ አይሰማኝም፤ ጥጥ ላይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንላቸው ነበር። እኔ ልቤ ዘለለ። የምፈራውን ነገር የሚያውቅ ሰው ለካ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነበር።

«እማማ፣ ሲጀምርዎት እንዴት ነበር?» አልኳቸው፣ ክንዳቸውን ሳልለቅ።

«ምኑ?»

«እግርዎ። መጀመሪያ ውርር ይልዎት ነበር?»

«አዎ፣ ውርር ይለኝ ነበር። በኋላ ማቃጠል ጀመረ። ኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ።»

«አንዱን ነው ሁለቱንም?»

አሰብ አደረጉ። «ሁለቱንም መሰለኝ።»

የእኔ የግራው ብቻ ነበር። ያን ቀን በሰላም ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እጠይቃቸው ጀመር። ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «እማማ፣ እግርዎ ዛሬ እንዴት ዋለ?» እላለሁ። ከጣት ነው የጀመረዎት ከተረከዝ? ሲቀመጡ ይብስ ነበር ሲቆሙ? ፊትዎ ላይስ መጥቶብዎት ያውቃል? የሚመልሱልኝን እያንዳንዱን ቃል ከራሴ ሰውነት ጋር አስተያየዋለሁ። የተለየ ከሆነ ይቀለኛል። ከተመሳሰለ እራት አይወርድልኝም። እሳቸው ግን መጠየቄን ወደዱት። መልሳቸው እየረዘመ መጣ። ከሥራ የምመለስበት ሰዓት ሲደርስ አጠገባቸው ወንበር ያዘጋጁልኝ ጀመር፤ ጎረቤት የላከላቸው ቆሎም ካለ በሳህን ሸፍነው ያቆዩልኛል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከእህታቸው ጋር በስልክ ያወሩ ነበር። የሚያወሩት በጉራጊኛ ነው፤ እኔ ከሰላምታው ሌላ አልሰማም። እየሳቁ ደጋግመው ወደ እኔ ያያሉ። ባሌን «ምን እያሉ ነው?» አልኩት።

«ስላንቺ ነው» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። «‹የወለድኳቸው በዓል ሲመጣ ነው የሚጠይቁኝ፤ ምራቴ ግን እግሬን ሳትጠይቅ የዋለችበት ቀን የለም› እያለች ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «እኔ እንኳ እንዲህ እንደምትጠይቂያት አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥሽ።»

ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ዕቃ የማጥብ መስዬ ቧንቧውን ከፈትኩት። ውሃው እየፈሰሰ ቆሜ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። ያን ቀን እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ቢያንስ መጠየቁን መተው። በማግስቱ ግን እንደ ልማዴ ጠየቅኳቸው፤ ጠዋት ቀኝ እግሬንም ጀምሮኝ ነበር።

የሐኪም ቀጠሯቸው ሲደርስ ሁልጊዜ የሚወስዳቸው ባሌ ነው። «የዛሬውን እኔ ልውሰዳቸው፤ ከሥራ አስፈቅጃለሁ» አልኩ። አማቴ ደስ ብሏቸው አዲሱን ነጠላቸውን ለበሱ። ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሙሉ እጄን ይዘው ነበር። እኔ ደግሞ ሐኪሙን ስለ ራሴ የምጠይቀውን በልቤ እደረድር ነበር።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ብዙ ጠብቀን ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው። የስኳራቸውን ውጤት አየ፣ ግፊታቸውን ለካ፣ «ጥሩ ነው እናቴ» አላቸው። ቀና ሲል አፌን ከፈትኩ። «ዶክተር፣ እሳቸውን እግራቸውን ውርር ያደርጋቸው ነበር፤ አሁን እኔንም እንደዚያ እያደረገኝ ነው» አልኩት። ካርድ እንኳ አላወጣሁም። ካርድ አውጪና ተሰለፊ ሊለኝ ይችል ነበር። ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ «እስቲ ተቀመጪ» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ለታካሚ ያለው ወንበር አንድ ነው። አማቴ ለእኔ ብለው ተነሡ። ቦርሳዬን ተቀብለው ቆሙ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ እግሬን በጥጥ ነካካው፤ በሹል ነገር ጫን ጫን አደረገው፤ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ አደረገው፤ ዓይኔን አስጨፍኖ የትኛውን ጣቴን እንደያዘ ጠየቀኝ። ሁሉንም አወቅኩ።

«ነርቮችሽ ጤነኛ ናቸው» አለኝ። «እንቅልፍ ትተኛለሽ? ትጨነቂያለሽ?»

«የማይጨነቅ ማን አለ» አልኩት።

«ጭንቀት ራሱ እንዲህ ያደርጋል። ማስመሰል አይደለም፤ እውነት ነው የሚሰማሽ። የምታናግርሽ ባለሙያ ልጠቁምሽ እችላለሁ።»

በሩ ተንኳኳ። ሐኪሙ ወደ አማቴ ዞረ። «እናቴ፣ የእርስዎን እግር ደግሞ ልየው።»

አማቴ ፈገግ አሉ። «ተወው ልጄ፣ ስንት ሰው እየጠበቀህ ነው። የእኔን እግር እሷ ናት በየቀኑ የምታየው።»

«ታይላቸዋለሽ?» አለኝ። «ውስጥ እግራቸውን፣ በጣቶቻቸው መሃል?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አንድም ቀን ካልሲያቸውን አውልቄ አይቼ አላውቅም። እጠይቃለሁ እንጂ አላይም። ቀና ስል ሁለቱም እያዩኝ ነው።

«አዎ» አልኩ።

«ጎበዝ» አለኝ ሐኪሙ።

የሚቀጥሉት ቀናት ቀላል ነበሩ። «ነርቮችሽ ጤነኛ ናቸው» ያለኝን እያስታወስኩ፣ በቆምኩበት እያንጎራጎርኩ ስሠራ እውል ነበር። አማቴን መጠየቅ ተውኩ። አስቤበት አይደለም። ቀለለኝ፤ ስለቀለለኝ ረሳኋቸው። ወንበሩን እንደ ልማዳቸው አጠገባቸው አዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ «ዛሬ ደክሞኛል እማማ» ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ አንዱ ካልሲያቸው እጄ ላይ ጠነከረብኝ። ከውስጥ በኩል ቡናማ ነገር ደርቆበታል። ጠረኑም ልክ አልነበረም። ሳሙናውን ጣልኩና ወደ ቤት ሮጥኩ።

«እማማ፣ እግርዎን ያሳዩኝ።»

«ምን ሆንሽ? ምነው እጅሽ አረፋ ነው?»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ካልሲውን ሳብኩ፤ ተጣብቆ አልመጣ አለኝ። በውሃ አርሼ አወለቅኩት። ከትንሿ ጣታቸው ሥር ቆስሎ መግል ይዟል፤ ጣቷ ራሷ ጠቁራለች። ሸራ ጫማቸውን ገልብጬ ሳየው ሶሉን በስቶ የገባ ስለታም ብረት አገኘሁ።

«አያምዎትም?»

«ኧረ ምንም አላመመኝ» አሉ፣ ለማየት ጎንበስ እያሉ። «ምን አለው?»

እኔ ውርር ባለኝ ቁጥር ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስሮጥ፣ እሳቸው ብረት እየረገጡ ሳይሰማቸው ከርመዋል። ሐኪሙ ፊት ቦርሳዬን ይዘው የቆሙት በዚያ እግር ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብረቱ መቼ እንደገባ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ሆስፒታል ተኙ። ትንሿ ጣታቸው ተቆረጠች። ከዚህ በላይ ቢዘገይ ኖሮ እግራቸውንም ማዳን ይከብድ ነበር ተባልን። ባሌ ኮሪደሩ ላይ አቅፎኝ አለቀሰ። «አንቺ ባታዪላት ምን ይውጣት ነበር» አለኝ። እጆቼን ጀርባው ላይ አደረግኩ።

አማቴ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ይናገራሉ። ለሲስተሯ፣ ለጠያቂው፣ አጠገባቸው ለተኙት ሴትዮ። «ምራቴ ናት ያገኘችልኝ። እግሬን ሳትጠይቀኝ አትውልም።» ሴትዮዋ ይመርቁኛል። በእያንዳንዱ ምርቃት አንገቴ ይሰበራል። አንድ ቀን ሴትዮዋ ለምርመራ ወጥተው ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገሪኝ ልጄ።»

«እግርዎን በየቀኑ የምጠይቅዎት ለእርስዎ ብዬ አልነበረም። እኔን ሰውነቴን ይወርረኝ ነበር። እንደ እርስዎ እሆናለሁ ብዬ ፈርቼ፣ ከራሴ ጋር ለማስተያየት ነው የምጠይቅዎት። ለሐኪሙም ዋሸሁት። እግርዎን አይቼው አላውቅም።»

የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣታቸው ይቆነጥራሉ። እንዲቆጡኝ ጠብቄ ነበር። ከዚያም ይበልጥ «ይሁን ልጄ» እንዲሉኝ ተመኝቼ ነበር።

«እንደማታዪውማ አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ታየዋለች ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ላኮራሽ ብዬ ነው።» ትንሽ ቆይተው ቀና ብለው አዩኝ። «ሌላውን ግን ለምን ነገርሽኝ?»

«ከበደኝ።»

«አሁን ቀለለሽ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ቀሎኝ ነበር።

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቤት ከገቡ በኋላ እግራቸውን የማየው እኔ ሆንኩ። ቁስሉን አጥባለሁ፤ በጣቶቻቸው መሃል አያለሁ፤ ጫማቸውን ከማድረጋቸው በፊት እጄን አስገብቼ እዳብሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እግራቸውን ይሰጡኝና ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ያደርጋሉ። «አለቀ?» ይላሉ። «አለቀ እማማ» እላለሁ። በዚህ ያበቃል። ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ወደ እኔ ማየታቸው ቀረ። ለልጃቸው ግን አልነገሩትም። እኔም አልነገርኩትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባሌ እናቱን እንዴት እንዳዳንኩ ሲያወራ፣ አማቴም እኔም መሬት መሬት እናያለን።

ሐኪሙን መልሼ ጠይቄው ወደ ጠቆመኝ ባለሙያም ሄድኩ። ስልኬ ላይ በሽታ መፈለጉን እንድተው፣ ሲወርረኝም ሥራዬን ሳላቋርጥ እስኪያልፍ እንድጠብቀው አስተማረችኝ። ቀላል አይደለም። አሁንም ሹሩባ እየሠራሁ ጣቴን ይወርረኛል። አንዳንዴ ላብ ያጠምቀኛል፤ ስልኬን ያነሣሁባቸው ቀኖችም አሉ። ብዙውን ጊዜ ግን መሥራቴን እቀጥላለሁ፣ ያልፋል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ «እግርዎን» ሳልላቸው አማቴ እግራቸውን ጭኔ ላይ አደረጉልኝና ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ያወሩልኝ ጀመር። ልጅቷ ፀጉሯን እኔ እንድሠራላት ትፈልጋለች አሉ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነው። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወይ ለምደውኝ ብቻ፣ አላውቅም። ልጠይቃቸው አሰብኩ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብጠይቃቸው ግን እንደገና ለራሴ ነው የምጠይቀው። ስለዚህ ሠርጉ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸው እየነገሩኝ በጣቶቻቸው መሃል በፎጣ አደረቅኩና ካልሲያቸውን አለበስኳቸው።