አያ ኩኩሉ እና የእናቴ ሽሮ

ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ ከጎረቤቴ በር ሥር ሾልኮ የሚወጣ አንድ ሽታ አለ፤ ጨው ጨው የሚል፣ ያረረ ሽንኩርት የሚመስል፣ ቢጫ ቢጫ የሚሸት። ሽታ ቀለም የለውም ትሉኝ ይሆናል፤ ይሄኛው አለው። አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር እግሬ ደረጃው ላይ ቀጥ ይልና የተወለድኩባት ሞላሌ፣ እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት የቆምኩ ይመስለኛል፤ ከግድግዳው ላይ ደግሞ አያ ኩኩሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠቅሰኛል። ያኔም አላመንኩትም፣ ዛሬም አላምነውም።

አያ ኩኩሉ የወጥ ማጣፈጫ ካርቶን ላይ የተሳለ አውራ ዶሮ ነበር። ነጭ የወጥ ቤት ቆብ ደፍቶ፣ ቀይ ሽርጥ አሸርጦ፣ በክንፉ ማማሰያ ጨብጦ ይስቃል። ስሙን ያወጣለት ታናሽ ወንድሜ ታደለ ነው። ታደለ ያየውን ሁሉ የሚወድ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ዘመዴ ነው ብሎ ጭኑ ላይ የሚወጣ ልጅ ነበር። እኔ ደግሞ የሰጡኝን ከረሜላ እንኳ ገልብጬ ሳላይ አልጎርስም ነበርና እናቴ «የኔ ዳኛ» ትለኝ ነበር፤ ስትስቅም ስትናደድም።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ አስካለ ቤታችንን በመጋረጃ ለሁለት ከፍላ፣ የፊቱን ሻይ ቤት አድርጋ፣ እኛን በጓዳው ታሳድገን ነበር። ክረምት ሲሆን ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል፤ የጭቃው ግድግዳ ያልበዋል፤ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉ ይላቀቅና እንደ ጆሮ ይንጠለጠላል። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ጋሽ ሰይድ ከቆላ በጭነት መኪና ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ማጣፈጫውን ጭኖ ይመጣ ነበር። ነጋዴ ነው፤ ጺሙን ሂና የሚቀባ፣ ሳቁ ከሰውየው ቀድሞ የሚገባ ሙስሊም ሰው። ባዶ ካርቶኖቹን ለማንም አይሰጥም፤ አጣጥፎ ለእናቴ ያመጣላት ነበር። እሷም ዱቄት በጥብጣ፣ ለመስቀል ቤቱ እንዲያምር ካርቶኑን ከወለል እስከ ጣሪያ ትለጥፈዋለች። እንግዲህ አስቡት፤ በየተራው የሚጠቅስ ዶሮ! ታደለ ጠዋት ጠዋት በየመደዳው እየዞረ «እንዴት አደርክ አያ ኩኩሉ» ይላል። እኔ ልብሴን የምቀይረው መጋረጃውን ዘግቼ ነበር።

አንድ ቀን አላስቻለኝምና እናቴን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ይሄ ዶሮ ምን ሊያማስል ነው ማማሰያ የያዘው?»

«ወጥ ነዋ።»

«የምን ወጥ?»

እናቴ ግድግዳውን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ማሰሮውን አቀበለችኝና «ሂጂ ውሃ ቅጂልኝ» አለችኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? ዘመዱን ቀቅሎ እየሳቀ የሚጠቅስ ፍጡር ቤታችን ገብቷል ብዬ ደመደምኩ።

ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ገብሱን ሲያስፈራራ፣ ሾፌሮች እጃቸውን ብብታቸው ሥር እየከተቱ ይገቡና ማካሮኒ ያዙ ነበር። እናቴ የጾም ባልሆነ ቀን ማጣፈጫውን ከብልጭልጭ ወረቀቱ አውጥታ፣ «በስመ አብ» ብላ አማትባ በትልቁ የሸክላ ድስት ትፈረፍረዋለች። የምታማትበው ዶሮውን ማን እንዳረደው ስለማታውቅ ነው። በእኛ አገር ክርስቲያን ክርስቲያን የባረከውን ሥጋ ይበላል፤ ሙስሊምም ሙስሊም ያረደውን። የካርቶኑን ዶሮ ማን አረደው? በጎኑ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ማንም አያነበውም። ጋሽ ሰይድን ጠይቄው ነበር።

«እኔ ምን አውቄ! እሸጠዋለሁ እንጂ አልበላውም» አለና ሳቀ። «አስካለ፣ ይቺ ልጅሽ ገበያ ላይ ብትቆም ነጋዴ ሁሉ ጦሙን ያድራል።»

እውነቱን ነው፣ አይበላም ነበር። ቤታችን መጥቶ ከሻይ ሌላ አይቀምስም። አንድ ጊዜ ወዳጁ የሆነ ክርስቲያን ልጁን ሲድር፣ ለእሱ ተብሎ የታረደው በግ ከሌላው ሥጋ ጋር ተቀላቅሏል ብሎ ስለጠረጠረ፣ ድግስ መሐል ተቀምጦ ውሃ ጠጥቶ መሄዱን ሞላሌ በሙሉ ያውቃል። ከእናቴ እጅ የሚበላው በጾም ወራት ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ከክርስቲያን ቤት ሥጋ ስለማይኖር እሱም እንደ ልቡ ሽሮውን ይጠርጋል።

ሁዳዴ ለእኛ የመኸር ያህል ነበር። ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ጾሞ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሲፈስ፣ እናቴ ቤት ሽሮው ይንተከተካል፤ የዓመት ቀለባችን፣ የእኔና የታደለ ደብተር፣ የበግ ቆዳ መተኛችን ሳይቀር ከዚያ ይወጣ ነበር። የእናቴ ሽሮ ይጣፍጣል፤ አተሩን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ከክካ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሳትሰስት ነው። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ጥሩም ሽሮ ትሸጥ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ እንደ እናቴ ብቻዋን የምትፍጨረጨር ሴት ነች፤ ነገር ግን የእሷ ሽሮ፣ እንግዲህ ለነፍሴ ልናገር፣ ቀጭን ነበር።

አንድ ሁዳዴ ላይ እትዬ ጥሩ ከሴቶች ጋር ውሃ ስትቀዳ እንዲህ አለች፦ «የአስካለ ሽሮ ለምን እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማወቅ የፈለገ ሰው ግድግዳዋን ይይ።»

ይቺው ናት። ሌላ አልጨመረችም። ሕዝቡ ግን መጥቶ ግድግዳውን አየ፤ አያ ኩኩሉም ከወለል እስከ ጣሪያ ጠቀሰው። በሁዳዴ ጾም የዶሮ መረቅ የምታበላ ሴት! ወንበሮቻችን አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። የንስሐ አባታችን እንኳ ቤቱን ባርከው፣ እናቴ እንጀራ ስታቀርብላቸው «ልጄ፣ ዛሬስ ውሃው ይበቃኛል» ብለው ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። እናቴ ያን ቀን አልቅሳለች። ታደለ «እንቅደደው?» ሲላት፣ «ብቀድደውማ አመነች ይሉኛል» አለችው። ቀየት ከሚባለው አገር አጎቴ መጥቶ ቤቱን ሸጣ ዘመድ ቤት እንድትገባ፣ እኔን ለአክስቴ፣ ታደለን ለእሱ እንድትሰጥ መከራት። እኔ በመጋረጃው ሥር ሆኜ ሰማሁ። ቤቱ ከተዘጋ እኔና ወንድሜ በአንድ ጣሪያ ሥር አናድርም ማለት ነው። ዶሮውን በጥፍሬ ዓይኑን ፈቀፈቅኩት።

በገበያ ቀን ጋሽ ሰይድ መጣ። ባዶውን ቤት አየ፤ ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ጥሩ ደጅ የተኮለኮለውን ሰው አየ፤ ምን እንደተባለም አንዱ ሹክ ብሎት ኖሯል። ገብቶ አልተቀመጠም። በርጩማ ስቦ ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ተቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«አስካለ! ሽሮ አምጪልኝ» አለ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርብዎ» አለች እናቴ። «በእኔ ምክንያት ስምዎ ይነሳል።»

«ስሜን ተይውና ሽሮውን አምጪ። እኔ እርዱን የማላውቀውን ሥጋ በአፌ እንደማላዞር እዚህ የቆመው ሁሉ ያውቀኛል። ዶሮ ካለበት እኔም አልበላውም፣ ከሌለበት እናንተ ምን ሆናችኋል?»

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ተከተልኳት፤ ልማዴ ነዋ። ድስቱ ምድጃ ላይ ይንተከተካል። አልቀዳችም። ድስቱን በጨርቅ ይዛ በጓሮ በር ወጣችና፣ ያን የመሰለ ሽሮ እንዳለ መሬት ላይ ደፋችው። ከዚያ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ጠፋች። ቆይታ፣ ደጅ ያለው ሰው ማጉረምረም ሲጀምር፣ በሌላ ትንሽ ድስት ሽሮ ይዛ ተመለሰች። እኔን ስታይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ጋሽ ሰይድ «ቢስሚላህ» ብሎ በላ፤ እስኪጨርስ በላ፤ ሳህኑን በመጨረሻው ጉርሻ ጠረገው። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። እናቴ ለቀሩት አዲስ ሽሮ በብረት ድስት ጣደች። እስከ ፋሲካ ወንበር ጠፋ። እትዬ ጥሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እናቴ ክፉ ትንፍሽ አላለችም፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

እንግዲህ ምን ላስብ? ንጹሕ ሽሮ ማን ይደፋል? አደግሁ፣ ተማርኩ፣ አዲስ አበባ ገባሁ፤ እናቴን እወዳታለሁ፣ ግን በየሁዳዴው ሽሮ ስትሠራ እጇን አያለሁ። ጋሽ ሰይድ ሲሞት ለቅሶው ላይ እናቴ እንደ ወንድሟ ስትንሰቀሰቅ፣ እኔ እንባዬን እየጠረግሁ «አታለነው ይሆን?» እያልኩ ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ይዞ መኖር፣ ወይ ጉድ፣ ለማንም አይስጥ።

ባለፈው ክረምት ታደለ፣ እንደ ልማዱ ዓለሙን ሁሉ እንዳመነ የሚኖረው ታደለ፣ የድሮውን ካርቶን ፎቶ ከአንድ ቦታ አግኝቶ ማኅበራዊ ገጹ ላይ ለጠፈው። «የልጅነት ጓደኛችን አያ ኩኩሉ! ደጉ ዘመን!» ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ እንባ የሚያፈስ ምልክት ይደረድራል። የምን ጓደኛ፣ የምን ደግ ዘመን! ተናድጄ ልጽፍለት ስል ፎቶው የካርቶኑን ጎንም እንደሚያሳይ አየሁ። ያ የፈረንጅ ፊደል። አሰፋሁት። ጨው፣ ስታርች፣ የአትክልት ዘይት፣ ሽንኩርት፣ እርድ። እንደገና አነበብኩት። ዶሮ የለም። የዶሮ ላባ እንኳ የለበትም።

ለቡሄ ሞላሌ ሄድኩ። እናቴ አሁን አርጅታለች፤ ሻይ ቤቱን ዘግታ በርኖስ ደርባ ፀሐይ ትሞቃለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያፈንኩትን አወጣሁት።

«እማዬ፣ ጋሽ ሰይድ የበላ ዕለት ሽሮውን ለምን ደፋሽው?»

አልደነገጠችም። «መቼ ትጠይቂኛለሽ እያልኩ ነበር፣ የኔ ዳኛ» አለች። «ሽሮውማ ንጹሕ ነበር። ድስቱን ነው ያላመንኩት። ከጾም በፊት የሾፌሮቹን ማካሮኒ በእሱ ነበር የምሠራው። ለሁዳዴው በአመድ ፈግፍጌ፣ ውሃ አፍልቼበት ነበር፤ ለእኛ ይበቃል ብዬ። ሸክላ ግን የበላውን ይይዛል። ሰውየው ስለ እኔ ብሎ አፉን ሊያስይዝ ደጄ ላይ ተቀምጧል፤ በዚያ ድስት ላብላው?»

«ታዲያ የበላው ሽሮ የማን ነበር?»

«የጥሩ ነዋ! የእሷ ድስት ከሽሮ ሌላ አያውቅም። በአጥሩ ገብቼ ‹ሰይድ ስለ እኔ ሊበላ ተቀምጧል፣ ሽሮሽን ስጪኝ› አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ ከነድስቱ ሰጠችኝ። ዞር ስል ስታለቅስ ሰማኋት።»

አንገቴን ደፋሁ። ቆይቼ፣ ዶሮ እንዳልነበረበት፣ ከመጀመሪያውም የጾም እንደነበረ ነገርኳት። ስልኩን ተቀብላ፣ ማንበብ እንደማትችል እያወቀች፣ ፊደሉን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይሄ ሌባ! ታዲያ ምን ሊሆን ነው ያን ሁሉ ዘመን የጠቀሰን?» አለች። ወዲያው ደግሞ «ሰይድ ይቺን ሳይሰማ ሞተ» አለች።

አያ ኩኩሉ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ አለ። አወፍረውታል፣ ላባውን አለስልሰውታል፣ የተጨፈነውን ዓይኑንም ከፍተውለታል፤ በሁለት ዓይኑ ሲያየኝ የባሰ እጠረጥረዋለሁ። ካርቶኑ በአማርኛ ሳይቀር ሁሉን ይናገራል፤ «የጾም» ይላል፣ ማኅተም አለው፣ እኔም እስከ መጨረሻው ፊደል ሳላነብ አልገዛም። ያ ሽታ ከበሯ ሥር የሚወጣባትን ጎረቤቴን ግን ስሟን እንኳ አላውቅም፤ ሽሮዋ ቢያልቅባት እኔ ዘንድ አትመጣም፣ እኔም አልሄድም። ነገ አንድ ሰው በዚህ ፎቅ ላይ ስሜን በክፉ ቢያነሳ፣ ከእነዚህ ሁሉ በሮች ወጥቶ፣ በርጩማ ስቦ ደጃፌ ላይ ቁጭ የሚልና «አምጪልኝ» የሚለኝ አንድ ሰው መኖሩን እንጃ።