ለይበልጣል የሰጠሁት ክላርኔት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የጎረቤቴን ላም በድንጋይ መምታቴን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን በየዓመቱ ውጬ እመለሳለሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ጓድ ክላርኔት እነፋ ነበር። አንድ ጊዜ ሁለት አዳዲስ ክላርኔቶች መጡልን፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለባልደረባዬ ለይበልጣል። ነባሩ እኔ ነኝና ሁለቱንም ቀድሜ ሞከርኳቸው። ክላርኔት በጀርባው በኩል በአውራ ጣት የሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ድምፁን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚያዘልለው እሱ ነው። በአንደኛው ላይ ፋብሪካው ይህን ቀዳዳ ያለቦታው በስቶታል። ወፍራሙ ድምፅ ደህና ነው፤ ቀጭኑ ጋ ሲደረስ ግን ቅኝቱ ይፈርሳል፤ የማንም ከንፈር አያቃናውም። ይህን አወቅሁ። አውቄም ደህናውን ለራሴ አስቀርቼ ብልሹውን ለይበልጣል ሰጠሁ።

ለምን? ይበልጣል የሽንዲ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዜማ ተምሮ ያደገ። አንዴ የሰማውን አይስትም። ብቻዬን የምነፋበትን ቦታ ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ። ቀናሁበት፤ ሌላ ስም የለውም።

እሱ ምን ያድርግ? ጠዋት ማታ ተለማመደ፤ ከንፈሩ ቆሰለ። ኃላፊያችን በሰው ፊት ሲቆጣው አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን ወደ እኔ መጣ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«ጆሮህ ነው» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። በሳምንቱ የሙዚቃ ጓዱን ትቶ አገሩ ገባ፤ እኔም ብቻዬን መንፋቴን ቀጠልኩ። ተጨበጨበልኝም።

በቀደም ቡሬ ገበያ ተገናኘን። በቆሎ ሊሸጥ መጥቶ ነው። አቅፎ ሳመኝ። ደብራቸው ማኅሌት ይቆም እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ማኅሌቱንማ ተውኩት» አለ እየሳቀ። «ጆሮ የሌለው ሰው የሌላውን ዜማ ከሚያበላሽ ዳር ቆሞ ቢያዳምጥ ይሻላል። አንተ ባትነግረኝ መቼ አውቀው ነበር? እግዜር ይስጥህ።»

«አሜን» አልኩ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ ልበል። በቀደም ግን ወጣት አልነበርኩም፤ የምፈራውም ነገር አልነበረም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት ይበልጣልን ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ ያመሰግነኛል።