በኔቪል መቃብር ላይ የበቀለው ጎርጠብ

ኮራል ቆሻሻ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ባሏ ኔቪል ሲሞት ደግሞ ጽዳቷን ወደ መቃብሩ አዞረችው። በከተማችን መቃብር አሮጌው ክፍል ሁሉንም ሣር ውጦታል፣ የኔቪል ብቻ እንደተላጨ ፊት ያበራል። የእናቴን መቃብር በዓመት አንዴ የማየው እኔ ማውሪን እሷ ፊት ሁሌም አፍራለሁ። እውነቱን ለመናገር እናደድባታለሁም።

ባለፈው ጸደይ የመቃብሩ ኮሚቴ አሮጌውን ክፍል በሙሉ ፀረ አረም ሊያስረጭ ወሰነ። ከበግ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣው ጎርጠብ የተባለ አረም ወሮታል። ሊጠፋ የተቃረበው የአገራችን ጎርጠብ አንድ እግር እንኳ ከተገኘ ግን ርጭቱ ይቀራል፣ ቦታውም ይታጠራል ተባለ። እሱን ካየን ሃያ ዓመት አልፎናል! አምስት አሮጊቶች ሦስት ሳምንት ተንበርክከን ፈለግን። ቅጠላቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት በአበባው ዘንግ ነው። በጣት ስታሽከረክሩት የመጤው ቦይ ቦይ አለው፣ የኛው ክብና ለስላሳ ነው። ስንቱን አሽከረከርኩት! ሁሉም ባለ ቦይ።

ሐሙስ ጠዋት ረጪው ዳረል መኪናውን እያንጓጓ ከች አለ። ኮራል የሰው መቃብር ስትዞር የራሷን ረስታ ከርማ ነበርና፣ ቢያንስ ኔቪልን ላጽዳ ብላ ሄደች። ወዲያው ጩኸቷን ሰማሁ።

«ማውሪን! ነይ ቶሎ!»

«ምነው፣ እባብ ነው?»

«የምን እባብ! እንቺ፣ አሽከርክሪው!»

አሽከረከርኩት። ለስላሳ! ደግሜ አሽከረከርኩት። አሁንም ለስላሳ!

«የኛው ነው! ኮራል፣ የኛው ነው!»

«ይቺን እኮ ነው በየዓመቱ ዘንግ ሳታወጣ የምነቅላት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት!»

«ደግነቱ ሥር መንቀል አታውቂበትም።»

በጓንቷ ጀርባዬን አቀመሰችኝ። ሁለታችንም እየሳቅን እናለቅስ ነበር።

ዳረል ቱቦውን ይዞ ደረሰ። «ዞር ይበሉልኝ፣ መድኃኒቱ ይነካዎታል።»

ኮራል መቃብሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ኔቪል ላይ ልትረጭ? ሞክራታ!»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው...»

«ላዘዙህ ደውላ! መጀመሪያ ግን እጅህን አምጣ።»

ያንን ትልቅ ጣቱን ይዛ ባለ ቦዩን ዘንግ አስነካችው፣ ከዚያ ለስላሳውን። ዳረል ሄዶ ሞተሩን አጠፋና ስልኩን አወጣ።

አጥሩ ከቆመ በኋላ አንድ እሑድ አብረን ሄድን። የኔቪል መቃብር ጎፍሯል። እኔ ከዳር ያለች አንዲት ሣር ልመዝ እጄን ስሰድ ኮራል መታችኝ።

«ተያት! ኔቪል እኮ ጺም ይወድ ነበር። በግድ የማስላጨው እኔ ነበርኩ።»