ሚዛነኛው ያልመዘነው ቤት

ዴልመር ሁፕስ የሰው ጭነት ሲመዝን ሠላሳ አራት ዓመት ኖረ። በኔብራስካ ምዕራብ፣ ሐዲዱ ዳር ባለው የእህል ጎተራ፣ ስንዴና በቆሎ የጫነ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚቆመው የእሱ ሚዛን ላይ ነበር። መኪናው ሙሉውን ይመዘናል፤ አራግፎ ባዶውን ይመዘናል፤ ልዩነቱ የገበሬው እህል ነው። ዴልመር በመስኮቱ አሻግሮ፣ መኪናው ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ፣ የባሌስትራውን አጎነባበስ አይቶ ክብደቱን ይገምታል። ግምቱም ከሚዛኑ እምብዛም አይርቅም ነበር። በዚህ ይኮራል። ዛሬ ራሱን ሲያማ እንደሚለው፣ በዚያ ጎተራ ያልነበረው ሚዛን የትዕቢት መመዘኛ ብቻ ነው።

አንድ ደንብ ነበረው፤ ያወጣውም ራሱ ነው። ክብደቱን በወረቀት ጽፎ ከመስጠቱ በፊት፣ ጣሪያው ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሁሉ የሰማውን ማንም አይክደውም ባይ ነው። ከልክ በላይ ጭኖ የመጣ ካለ ደግሞ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይገሥጸዋል። «ከልኩ በላይ የጫነ ሰው የሌላ ሰው ነፍስ ደርቦ ጭኗል!» ይለዋል። ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ዴልመር ደግሞ ጽድቅ እንደሠራ ሰው ወንበሩ ላይ ይደላደላል።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የሚስቱ የአርዲስ ዓይን ታመመ። ዳር ዳሩ ደኅና ነው፤ መሃሉ ግን እየጠፋባት ሄደ። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዘንድሮ ይዩት» አላት።

አርዲስ በስንዴ መሃል ተወልዳ በስንዴ መሃል ሰባ አንድ ዓመት ሞላት። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ፣ «ዴልመር፣ ባሕር አሳየኝ» አለችው። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀችው ነገር የለም።

አውሮፕላን አትሳፈርም። በማታውቀው ክፍል ማደርም አስቸጋሪ ሆኖባታል፤ ከጠረጴዛው ጋር ስትጋጭ፣ ደፉ ሲያደናቅፋት ይመሻል። ስለዚህ ቤታቸውን ይዘው መሄድ አለባቸው። ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ እጇ ሳትፈልግ የሚያገኘው፣ በፒክአፕ የሚጎተት ተሳቢ ቤት ያስፈልጋቸዋል።

ዴልመር ብቻውን ሄዶ ገዛ። ትንንሾቹን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ አለፈና ከሁሉ ረጅሙ ውስጥ ገባ። በኤሌክትሪክ የሚበራ የእሳት ምድጃ አለው። ከትልቅ መስኮት ፊት ለፊት ደግሞ፣ ሲቀመጡባቸው ወደ ኋላ የሚለጠጡ ሁለት የቆዳ ወንበሮች ተተክለውበታል። እነዚያን ወንበሮች ሲያይ ልቡ ቀለጠ።

«ፒክአፕህ ስንት ይጎትታል?» አለው ሻጩ።

«ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ።»

«ይሄ ደረቅ ክብደቱ ስድስት ሺህ አራት መቶ ነው።»

«እንዲያውም ይተርፈኛል!» አለና ፈረመ። ባዶና ሙሉ ሲለይ ያረጀ ሰው፣ «ደረቅ» ማለት ውሃም፣ ጋዝም፣ ድስትም፣ ብርድ ልብስም ያልገባበት ማለት መሆኑን ለመጠየቅ አፉን አልከፈተም። በፒክአፑ በር ጉበን ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ ወረቀት አለች፤ መኪናው ከነሰውና ከነጭነቱ ከስንት ማለፍ እንደሌለበት የምትናገር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን በር ሲከፍትና ሲዘጋ አንድ ቀን እንኳ አላነበባትም።

ለሙከራ ቅርብ ወዳለው ሐይቅ ሄዱ። መሄጃው ዳገት ነበርና መኪናው አቃሰተ እንጂ ክፉ ነገር አልገጠማቸውም። ሲመለሱ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር፤ መብራት አብርተዋል። ከፊት የሚመጣ መኪና ሁሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግባቸው ጀመር። በዚያ አገር ሹፌር ለሹፌር ሰላም የሚለው አንድ ጣቱን ከመሪው አንሥቶ ነው። ዴልመር ግን ደስ ብሎት ሙሉ እጁን እያነሣ መለሰ።

«ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው መብራት የሚያበራብህ?» አለች አርዲስ።

«ሰላም እያለኝ ነው። ቤታችን አምሮበት ነዋ።»

«አምስቱም?»

«የአገራችን ሰው እኮ ጨዋ ነው።»

ነገሩ ሌላ ነበር። የተሳቢው አፍንጫ፣ የሚያያዝበት ጫፉ፣ የፒክአፑን ጭራ ተጭኖት፣ ፒክአፑ አንጋጦ፣ መብራቱን ሰው ዓይን ውስጥ እየሞጀረ ነው የሚሄደው። የዴልመር ሰላምታ የደረሳቸው ሹፌሮች ምን እያሉ እንዳለፉ እግዚአብሔር ይወቀው።

ቁልቁለቱ ላይ ከብት የጫነ ረጅም መኪና በአጠገባቸው ተወርውሮ አለፈ። ነፋሱ መታቸውና ተሳቢው ጅራቱን ይቆላ ጀመር። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ፒክአፑን ኋላው እየመራው፣ መሪው በዴልመር እጅ ላይ ላላ። አርዲስ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። እንደምንም ዳር ይዞ ቆመ።

«ይሄ ነገር ስንት ይመዝናል?» አለችው።

«ስድስት ሺህ አራት መቶ።»

«መዝነኸው ነው?»

«ሻጩ ነገረኝ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ‹ገበሬው ነገረኝ› ብለህ ጽፈህ ታውቃለህ?»

ዴልመር መሪውን በአውራ ጣቱ ይፈትግ ጀመር።

«ሳታስመዝነው እኔ ሁለተኛ አልሳፈርበትም። ባሕሩ ይቅርብኝ» አለች። በቁጣ አላለችውም፤ ቢሆንለት ቁጣዋ በተሻለው።

ለማስመዘን ቅርቡ ያው የጎተራው ሚዛን ነው። ወሩ ደግሞ የስንዴ አጨዳ ወር ስለሆነ ግቢው ቀኑን ሙሉ በመኪና ይሞላል።

«እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ ሹልክ ብዬ ላስመዝነው» አለ።

«እሑድ ሚዛኑ ይቆለፋል። እንዲቆለፍ ያዘዝከው አንተ ነህ።»

ማክሰኞ ዕለት፣ አርዲስን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከአሥራ አንድ የስንዴ መኪና ኋላ ተሰለፈ። ከፊቱ ያለው ሮስኮ ፒል ነበር፤ ዴልመር በድምፅ ማጉያ ያልገሠጸው አጨዳ የሌለ፣ የመኪናው ጎማ እስኪተነፍስ የሚጭን ጎረቤቱ። ሮስኮ በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ስንዴውን ሳሎን ውስጥ ነው የጫንከው?» ብሎ ጮኸ።

ሚዛኑ ላይ አሁን የምትቀመጠው ትሩዲ ናት። ሥራውን ያስተማራት ዴልመር ነው፤ ደንቡንም አንድ ሳታጎድል ወርሳለች። ፒክአፑ ብቻ ሚዛኑ ላይ፣ ተሳቢው እንደተያያዘ ከሚዛኑ ውጭ እንዲቆም አደረገች። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ።

«አለቃ፣ እንኳን ደኅና መጡ! የበሩ ወረቀት ስንት ይላል?»

ዴልመር ወርዶ በሩን ከፍቶ ተንበረከከ። መነጽሩን አልያዘም። አርዲስ ደግሞ ወረቀቱን ማየት አትችልም። ቀድሞ ተመዝኖ ዳር የቆመው ሮስኮ ከመኪናው ዘሎ ወረደና አጠገቡ ተንበርክኮ፣ ወንጌል እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ጎተት አድርጎ አነበበው።

«ከነሰው፣ ከነጭነቱ፣ ሰባት ሺህ ፓውንድ!»

«ሚዛኑ ሰባት ሺህ አራት መቶ ስድሳ ይላል» አለ ድምፅ ማጉያው፣ ከጎተራው ጣሪያ እስከ ሐዲዱ ማዶ። «አራት መቶ ስድሳ ፓውንድ ትርፍ!»

የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ባንድ ላይ ጮኸ።

«ዘጠኝ ሺህ ይጎትታል እኮ!» አለ ዴልመር ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ።

«መጎተቱንማ ይጎትታል፣ አለቃ። መሸከሙ ነው ያቃተው። የተሳቢው አፍንጫ ጀርባው ላይ ተኝቷል።»

አባቱ የጋሪ ፈረሶች ነበሩት። ፈረስ በጋሪ የሚጎትተውን ጀርባው ላይ ቢጭኑበት ወገቡ እንደሚሰበር ዴልመር በስድስት ዓመቱ ያውቃል። በሰባ ሦስት ዓመቱ ረሳው።

«ከልኩ በላይ የጫነ ሰው…» ብሎ ሮስኮ ጀመረ፤ የቀረውን ሰልፉ በሙሉ ባንድ ድምፅ ጨረሰለት።

ዳር ይዘው ያራግፉ ጀመር። ከዴልመር ሣጥን ሦስት ክሪክ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ አራት የመፍቻ ሣጥን፣ አንድ ጄኔሬተር፣ በመጨረሻም ብረት ማሰሪያ ሞርሳ ወጣ። ከአርዲስ ቁም ሣጥን አርባ አንድ የመስታወት ማሰሮ የታሸገ ቀይ ሥርና ኮክ ወጣ።

«የምንሄድበት የኦሪገን ባሕር ዳር ምግብ የለም ያለሽ ማን ነው?»

«ሞርሳውስ ምን ሊሆንህ ነው? ባሕሩን ልታስርበት?»

ግቢው ገበያ መሰለ። እንደገና ሚዛን ላይ ወጡ። ሰባት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ። ትሩዲ በዚህ ጊዜ ድምፅ ማጉያውን አጠፋችና በእግሯ ወርዳ መጣች።

«አለቃ፣ ዕቃው አይደለም። ቤቱ ነው» አለችው በዝግታ።

ዴልመር ካፈርኩ አይመልሰኝ ሊል አፉን ከፈተ። «መቶ ሰማንያ ምን አላት? ቀስ ብዬ እነዳለሁ…» አለና የራሱን ድምፅ ሰማው። ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ መስኮት ሥር የቆመ ወንጀለኛ ሁሉ ያላት ያችን ቃል ነው። አንድም ቀን ሰምቷቸው አያውቅም። ከኮክ ማሰሮዎቹ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። አርዲስ በዳሰሳ መጥታ ጎኑ ተቀመጠች።

«ሻጩ ትንሹን አሳይቶኝ ነበር» አላት። «ምን ያደርግልናል ብዬ አለፍኩት። እነዚያን ወንበሮች ሳይ፣ አንቺ መስኮቱ ሥር ተደግፈሽ፣ እግርሽን ዘርግተሽ፣ ባሕሩን ስታዪ ታየኝ። ወረቀቱን አላነበብኩም፣ አርዲስ። ቁልቁለቱ ላይ ልገድልሽ ነበር።»

«እኔ ባሕር እንጂ ወንበር ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«እንግዲያ ተነሣ። ሰው ስንዴውን ሊያስመዝን ተሰልፏል።»

ሻጩ ትልቁን ቤት ከሸጠበት አሳንሶ መልሶ ወሰደው። ዴልመር ሌላ ሲፈልግ አንድ ሳምንት አለፈ፤ አርዲስ ምንም ባትልም የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ከቅርብ ስትዳስስ አያት። በሳምንቱ መጨረሻ ሮስኮ የራሱን አሮጌ ተሳቢ እየጎተተ በራቸው ላይ ቆመ። አጋዘን ሲያድን የሚያድርበት፣ የዶሮ ቤት የምታህል ነገር ናት።

«ውሰዳት» አለው። «ውሻ ውሻ ትሸታለች። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ አይቆምባትም፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው አልጋ ላይ መቀመጥ አለበት።»

«ስንት ትመዝናለች?» አለ ዴልመር።

ሮስኮ ሳቀ። «እኔን ታምነኛለህ እንዴ? ሄደህ አስመዝናት!»

አስመዘናት። ሙሉዋን፣ ከነውሃዋ፣ ከነብርድ ልብሱ፣ አርዲስ ሙጭጭ ካለችባቸው ስድስት የኮክ ማሰሮዎች ጋር። ፒክአፑ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሃያ ወጣ። ድምፅ ማጉያው «ይለፍ!» አለ።

በተራራው መንገድ ከከባድ መኪኖች ኋላ እየተንፏቀቁ ሄዱ። ብስክሌት ያለፋቸው ጊዜም ነበር፤ ዴልመር ይህን ለማንም አይደብቅም። በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱ አለቀና ባሕር ሆነ።

ነፋሱ ይበርዳል። አርዲስ ጫማዋን አወለቀችና አሸዋው ላይ ቆመች። ፊቷን ግን ወደ ባሕሩ አላዞረችም። አንገቷን ወደ ቀኝ ጠምዝዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ታያለች። ዴልመር ዘግይተናል ብሎ አሰበ።

«አርዲስ፣ ባሕሩ ወዲህ ነው።»

«አውቃለሁ። በቀጥታ ሳየው መሃሉ ይበላብኛል። እንዲህ ስሆን ግን ዳር ዳሩን ይመጣልኛል። ማዕበሉ ነጭ ነው አይደል? እዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ወፍ አለ።»

ወፍ ነበረ። ዴልመር አጠገቧ ሄዶ ቆመና አንገቱን እንደ እሷ ጠመዘዘ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እንዳንቺ ላየው ብዬ።»

«ዶሮ መስለሃል። ዝም በልና እይ።»

አንድ መንገደኛ ሁለት ሽማግሎች እንዲህ አፍጥጠው ሲቆሙ አይቶ፣ ምን ቢያገኙ ነው ብሎ አፍንጫቸው ወዳመለከተበት ዞረ። እዚያ የነበረው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው። ትከሻውን ነቅንቆ አለፈ። እነሱ አንገታቸው እስኪደነዝዝ ቆሙ።